ያረጀውን ሁለት አፍ አትፋቁት

ሱሉልታ አጠገብ የሚኖር ዘመዴ ከአያቱ የወረሰውን ሁለት አፍ ጠመንጃ «እንደ አዲስ አሳደስኩት» ብሎ በኩራት አሳየኝ። ሰደፉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ አፈሙዞቹም ጥቁር ቀለም ጠጥተዋል። ደግ አደረግህ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ጠመንጃውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የአያትየው ጉንጭ ያረፈበት የሰደፉ ጎን ከሌላው ጠቆር ብሎ ያብለጨልጭ ነበር። አንገቱ ቢሰነጠቅ በእርጥብ ጠፍር ጠፍረውት፣ ጠፍሩ ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ይዞት ኖሯል። ሽማግሌው አንድም ፎቶግራፍ አልተዉም። ከእጃቸውና ከትከሻቸው የቀረው ምልክት ይኸው ነበር፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፍቆ አለቀ።

አፈሙዞቹማ ይብስ ያንገበግቡኛል። ደማስቆ የሚባለው የ19ኛው መቶ ዘመን አፈሙዝ ሲሠራ፣ የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አንድ ላይ ተገምደው በሌላ ዘንግ ዙሪያ ይጠመጠማሉ፤ ከዚያም በእሳትና በመዶሻ ይጣበቃሉ። መሶብ የሰፋች ሴት ነገሩ ወዲያው ይገባታል፤ ዙር በዙር ላይ እየተደረበ ነው የሚያድገው። በዚህም ጠመንጃ ብረት ላይ ይታይ የነበረው ሐረግ መሳይ መስመር ያ ጥምጥም ነው። አሁን ቀለም ውጦታል። ጠመንጃውን ፈትተን ከአፈሙዞቹ ሥር ስናይ ግን በእንቁላል ቅርጽ የተከበቡ ሦስት የላቲን ፊደላት ተርፈዋል፤ አፈሙዙ በተኩስ ተፈትሾ ማለፉን የሚያሳይ የቤልጂየሟ ሊዬዥ ከተማ ማኅተም ነው። በላዩ ዘውድ አለው፤ ዘውዱ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ስለሆነ ጠመንጃው ከዚያ ወዲህ የተፈተሸ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ ትንሽ ገፋ ቢል ኖሮ ይህም ይጠፋ ነበር።

ዝገት ይብላው አላልኩም። የሱሉልታ ክረምት እርጥብ ነው፤ ስስ ዘይት በጨርቅ ነክቶ ማበስና ከእርጥብ ግድግዳ ማራቅ ይበቃል። ለሠርግም ለለቅሶም ግን አይተኮስ። እነዚህ አፈሙዞች የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ ሊያፈነዳቸውና የተኳሹን እጅ ሊወስድ ይችላል። ፈቃዱም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ይጠየቅለት።

ጠፍሩን የት እንደጣለው ጠየቅሁት። ከዕቃ ቤት ፈልጎ አመጣው። ደርቆ የጠመንጃውን አንገት ቅርጽ እንደያዘ ነው።