መጦሪያን በእንግዳ መቀበያው ሳይሆን ደወል መጫን በማይችለው ሰው መዝኑት

የአረጋውያን መጦሪያ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ በጥድፊያ ነው። ሐኪም ቤቱ «ከዚህ በኋላ ቤት ነው የሚታመሙት» ይላል፤ ቤት ደግሞ ቀንና ሌሊት አብሮ የሚውል ሰው የለም። ልጆች ሁለት ቦታ ያዩና ደስ ያላቸውን ይመርጣሉ። በጉብኝቱ የሚታየውም የታወቀ ነው፦ አበባ የተቀመጠበት እንግዳ መቀበያ፣ የተወለወለ የምግብ አዳራሽ፣ ትልቅ ቴሌቪዥንና ጨዋታ የሚያውቁ አንድ ሁለት አዛውንት። ይህ ሁሉ ማታለያ ነው ባይባልም፣ ስለ እንክብካቤው የሚናገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ሐኪሙ አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 የጤና አገልግሎት ጥራት በሦስት ነገር እንደሚታይ ጽፈው ነበር፦ በተቋሙ አቋም፣ በሚሠራው ሥራ እና በታካሚው ላይ በታየው ውጤት። ቤተሰብ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱንም ቢሆን ሕንጻውን እንጂ የሰው ኃይሉን አይደለም። የእኛ ክርክር ተገላቢጦሹ ነው፤ ከውጤቱ ይጀመር። ውጤቱን በግልጽ የሚያሳየው ደግሞ አቅመ ደካማው ሰው ነው፤ ስትሮክ አንደበቱን የያዘበት፣ የመርሳት ሕመም የጠናበት፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነው። መናገርና መራመድ የሚችል ሰው በመጥፎ መጦሪያም እንደምንም ይኖራል። ውኃ ሲጠማው ይጠይቃል፣ ሽንቱ ሲመጣ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ሲከፋው ይጮኻል። የማይችለው ግን ሠራተኛው በራሱ አስታውሶ ካደረገለት በስተቀር የሚያገኘው ነገር የለም።

የማያውቁትን ሰው ብርድ ልብስ ገልጦ ማየት ነውር ነው፤ አያስፈልግምም። ከበር ላይ ሆኖ የሚታይ ብዙ ነገር አለ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል? ውኃው እጁ በሚደርስበት ቦታ ነው ወይስ ሽባ በሆነው ጎኑ በኩል? አረጋውያን ውኃ ቢያጥራቸውም ጥም ላይሰማቸው ይችላል፤ ስለዚህ ብርጭቆ ማስቀመጥ ማጠጣት ማለት አይደለም። የአውሮፓ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች መመሪያ ለአረጋውያን ሴቶች በቀን ቢያንስ 1.6 ሊትር፣ ለወንዶች 2 ሊትር የሚጠጣ ነገር ይመክራል፤ በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሐኪም የከለከላቸው ሲቀሩ። ያን ያህል ፈሳሽ በአንድ ጊዜ አይጠጣም፤ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያለ የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል።

ከዚያ አተኛኘቱን ይመልከቱ። ሰውየው በየትኛው ጎኑ እንደተኛ ልብ ይበሉና ሰዓቱን ይያዙ፤ ሌላውን ክፍል ጎብኝተው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይተው ይመለሱ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ፍራሹና የቆዳው ሁኔታ ጊዜውን ሊያረዝሙት ወይም ሊያሳጥሩት ይችላሉ። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ መቀመጫው ላይ ስለሚያርፍ ከዚያም ቶሎ ቶሎ መነቃነቅ አለበት። አጥንቱ ቆዳውን ከፍራሹ ጋር ሲጫነው ደም አይደርስም፤ ሥጋው ይሞታል። የአልጋ ቁስል በብዛት የሚወጣው በጀርባው ታችኛ ጫፍ፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ ነው። ምልክቱ ቁስል ከመሆኑ በፊት ይታያል፤ ቀላ ያለውን ቦታ በጣት ተጭነው ሲለቁት ነጣ ብሎ ካልተመለሰ ጉዳቱ ጀምሯል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ በዓይን ብቻ የሚመረምር ነርስ ያመልጠዋል፤ በእጅ ዳስሶ ሙቀቱን፣ መጠንከሩን ወይም መላላቱን፣ ሲነካም ማመሙን መለየት ያስፈልጋል።

ለኃላፊው የሚቀርበው ጥያቄ «የአልጋ ቁስል አለ ወይ?» አይሁን። «አሁን ስንት ሰው አለበት? ከእነሱስ ስንቱ ከውጭ ይዞት መጣ፣ ስንቱ እዚህ ጀመረው?» ይባል። ሲገቡ ቆዳቸው በመጀመሪያው ቀን ካልታየና ካልተመዘገበ ይህን መመለስ አይቻልም። የማገላበጫ ሰንጠረዡንም ያሳዩን ማለት ይቻላል፤ ቤተሰብ የራሱን ሰው መዝገብ ማየቱ ያልተለመደ ጥያቄ አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ እስክርቢቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ያለ አንድ ደቂቃ መዛነፍ የተሞላ ሰንጠረዥ በፈረቃው መጨረሻ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው፣ አረሙ ተረከዝ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው ሊሸፋፈን የማይችል ምስክር ሚዛን ነው። አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሳምንቱ፣ ከዚያ ቢያንስ በየወሩ ሊመዘን ይገባል። በአንድ ወር 5 በመቶ፣ በስድስት ወር 10 በመቶ መቀነስ ምክንያቱ ሊፈለግለት የሚገባ ነገር ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በወር 3 ኪሎ፣ በስድስት ወር 6 ኪሎ ማለት ነው። ምክንያቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለመግጠሙ፣ የመዋጥ ችግር፣ የመድኃኒት ጠባይ ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ቀድሞ መጣራት ያለበት ግን የሚያጎርሰው ሰው ነበረ ወይ የሚለው ነው። ምሳ ሰዓት ሲጎበኙ ምግቡ ሲቀርብ ሳይሆን ሳህኑ ሲነሣ ይድረሱ። ያልተነካ ሳህን ወደ ኩሽና ሲመለስ የማን እንደሆነ የሚመዘግብ አለ? የሚያጎርሰው ሠራተኛ ተቀምጦ፣ አረጋዊውን ቀና አድርጎ፣ የጎረሱትን መዋጣቸውን እያየ ነው ወይስ ቆሞ እያቻኮለ? ተጋድሞ የጎረሰ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ከተመገበም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ መቆየት አለበት። ምግብ ሲቀርብ የሚጀምር ሳል፣ ከዋጡ በኋላ ጉሮሮ ውስጥ ውኃ እንዳለ ሆኖ የሚወጣ ድምፅና ደጋግሞ የሚመጣ የሳንባ ምች አንድ ላይ ከታዩ የመዋጥ ምርመራ ሊደረግ ይገባል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው እንጂ ሕንጻ አይደለምና ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የስምንት ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው። ለርክክብ፣ ለእረፍትና ለመዝገብ አንድ ሰዓት ቢነሣ 420 ይቀራል። አንድ ተንከባካቢ 12 ሰው ከያዘ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 35 ደቂቃ ነው። ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ ያለ አረጋዊ ግን በአንድ የቀን ፈረቃ ለማጠብና ለማልበስ 30፣ ሁለት ጊዜ ለማጉረስ 60፣ አራት ጊዜ ዳይፐር ለመቀየር 40፣ ለማገላበጥ 20፣ በድምሩ 150 ደቂቃ ይወስዳል፤ ማገላበጡ ሁለት ሰው የሚፈልግ መሆኑን ሳንቆጥር። ከ12ቱ አራቱ እንዲህ ቢሆኑ እነሱ ብቻ 600 ደቂቃ ይፈልጋሉ። ያለው 420 ነው። ተንከባካቢዋ ምንም ያህል ደግ ብትሆን የሆነ ነገር መቅረቱ አይቀርም፤ የሚቀረውም የማይጮኸው ሰው ድርሻ ነው። ስለዚህ «ሠራተኞቹ ደጎች ናቸው» የሚለው ምስክርነት ጥሩ ቢሆንም ቁጥሩን አይተካም።

ቁጥሩን ማግኘት ቀላል ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ በቀጥታ እንክብካቤ የሚሰጡ ነርሶችና ተንከባካቢዎች የሠሩትን ሰዓት ይደምሩ፣ ለነዋሪዎቹ ቁጥር ያካፍሉ። አስተዳደሩ፣ ጥበቃው፣ ኩሽናውና ልብስ አጣቢው አይቆጠሩም። እ.ኤ.አ. በ2001 ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበ ጥናት ለረጅም ጊዜ ነዋሪዎች በቀን በነፍስ ወከፍ ከ4.1 ሰዓት በታች ሲሆን የእንክብካቤው ጥራት የመጓደል አደጋ እንዳለው አሳይቶ ነበር። 30 ሰው ላለበት መጦሪያ ይህ 123 ሰዓት፣ ማለትም በቀንና በሌሊት ተደምሮ 15 ያህል ፈረቃ ነው። ይህ የሁሉም አገር ሕግ አይደለም፤ ግን የ2 ሰዓት ውጤት ያለው ተቋም አልጋው ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ምን እየቀረ እንደሆነ ሊያስረዳ ይገባል። የሌሊቱን ደግሞ ለብቻው ይጠይቁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስንት ሰው ነቅቶ ይሠራል? ነርስ አለ ወይስ በስልክ የሚጠራ ብቻ? አምና ከነበሩት ሠራተኞችስ ስንቱ ዘንድሮም አሉ?

በደረጃና በኮከብ ለሚታመን ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረችው ባለ አምስት ኮከብ ምዘና የሠራተኛ ቁጥሩ ለዓመታት ተቋሙ ራሱ ሞልቶ የሚያቀርበው ነበር፤ ከደመወዝ መዝገብ መወሰድ የጀመረው በ2018 ነው። የምርመራ ሪፖርት ካለ ከኮከቡ ይልቅ ጽሑፉ ይነበብ፤ ያው ጥፋት በተከታታይ ምርመራ ከተደገመ ችግሩ የአንድ ቀን ስሕተት አይደለም።

ስለ መውደቅ ሲጠየቅ «እዚህ ማንም አይወድቅም» የሚል ኃላፊ ሊያስደነግጥ ይገባል። በመጦሪያ የሚኖሩ አረጋውያን ይወድቃሉ፤ የማይወድቁበት ቦታ ወይ የማይመዘገብበት ነው፣ ወይ ሰዎቹ እንዳይነሡ የተደረገበት። እንዳይነሡ ማድረጊያው ብዙ ነው፦ ቀበቶ፣ ገበታ የተገጠመለት ወንበር፣ ጎድጎድ ያለ ሶፋ፣ የአልጋ መከለያ። መከለያው በተለይ ደህንነት ይመስላል። ግራ የተጋባ ሰው ግን ዘሎት ሲያልፍ ከበለጠ ከፍታ ይወድቃል፤ በመከለያውና በፍራሹ መካከል ተቀርቅሮ የሚሞትም አለ። የማይታየው ማሰሪያ ደግሞ መድኃኒት ነው። የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ጸጥ ለማሰኘት የሚሰጡ ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒቶች በእነዚህ አረጋውያን ላይ የሞት አደጋ እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 በአዲሶቹ ላይ፣ በ2008 ደግሞ በነባሮቹ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፏል። ከቀትር በኋላ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ካንቀላፋ «ሰላማዊ ቦታ ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት ስንቱ ይህን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ለምን እንደታዘዘና መቼ እንደሚቀነስ መጠየቅ ይገባል።

ብዙ ውድቀት የሚደርሰው ወደ ሽንት ቤት ሲኬድ ነው። መፍትሔውም ሰውየውን በሰዓቱ ሽንት ቤት መውሰድ፣ ዝቅ ያለ አልጋ፣ የሌሊት መብራት፣ የማያንሸራትት ጫማና ቶሎ የሚመለስ ደወል ነው። ደወሉን አስፈቅደው ይጫኑት፤ ሰዓት ይያዙ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብቅ ያለ ከሌለ ሽንቱ የመጣበት ሰው ብቻውን ተነሥቷል ማለት ነው። የደወሉ ገመድ ግድግዳ ላይ ተጠቅልሎ ወይም ወለል ላይ ወድቆ ከተገኘማ መጫንም አያስፈልግም። የወደቀው ሰው ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነና ጭንቅላቱ ከተመታ ደህና ነኝ ቢልም በሐኪም መታየት አለበት፤ ደሙ በዝግታ ሊጠራቀም ይችላል።

መድኃኒት ሲታደል አንድ ዙር ቆመው ይመልከቱ። ነርሱ ስም አረጋግጦ፣ እስኪዋጥ ጠብቆ፣ ከዚያ ነው የሚፈርመው ወይስ አስቀድሞ? ጠረጴዛ ላይ የተተወ ክኒን ጎረቤቱ ሊውጠው ይችላል። ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ ክኒን ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ሲቀየር አሮጌው ካልተነሣ መጠኑ ይደራረባል።

የመታጠቢያ ውኃው ሙቀት ከ44 ዲግሪ ሴልሺየስ መብለጥ የለበትም፤ በ60 ዲግሪ ቆዳ በሴኮንዶች ይቃጠላል። የውኃ ማሞቂያው ጋን ውስጥ ግን ባክቴሪያ እንዳይራባ ወደ 60 መሞቅ ስላለበት፣ ሙቁን ከቀዝቃዛው የሚያደባልቅ ቫልቭ መኖሩንና ሠራተኛው በቴርሞሜትር መለካቱን ይጠይቁ። የእሳት በር በወንበር ተደግፎ ተከፍቶ ከሆነ ጭሱ መንገድ አለው። የማምለጫ ልምምድ በቀን ሠራተኛ ብዛት ሳይሆን በሌሊቱ ቁጥር መደረጉን ያጣሩ። ሽታን በተመለከተ፣ አንድ ክፍል ጠዋት ላይ መሽተቱ የሥራው ጠባይ ነው፤ ኮሪደሩ ሁሉ ከሰዓት በኋላም ከሸተተ፣ ወይም ሽቶና በረኪና አፍንጫ ከሰነፈጠ ግን ዳይፐር በሰዓቱ አይቀየርም። ውሉ ላይ የሚነበበው ዋና ነገር ሕመሙ ሲብስ ያቆዩታል ወይስ ያስወጡታል የሚለው ነው።

በሁሉም የሚያልፍ መጦሪያ ማግኘት ከባድ ነው። ቀለሙ የለቀቀ ግድግዳ፣ ጠበብ ያለ ክፍልና ያረጀ ወንበር ሊታለፉ ይችላሉ። በግልጽ «ባለፈው ወር ሁለት ሰው ቆስሎብናል፤ ፍራሽ ቀየርን፣ ሌሊት አንድ ሰው ጨመርን» የሚል ኃላፊም ከማይሳሳተው ይሻላል። የማይታለፉት ሌሊት ነርስ አለመኖሩ፣ ምክንያት ያልተፈለገለት የክብደት መቀነስ፣ እዚያው ጀምሮ እየጠለቀ የሄደ ቁስልና ቤተሰብ በፈለገው ሰዓት እንዳይመጣ መከልከል ናቸው። ከመፈረምዎ በፊት አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ደግሞ ሳያስታውቁ እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ እራት ተነሥቶ ሠራተኛው ሲሳሳ ይሂዱ፤ በቀጥታም ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ክፍል ይለፉ።