ዓለሙ በቃል ይሠራ ወይስ በምስል?

የክርክሩ ርዕስ፦ ብዙ ሰው ከየአገሩ በኢንተርኔት ገብቶ፣ የየራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ከሚኖርባቸው ጨዋታዎች የሚበልጠው የቱ ነው? በጽሑፍ ብቻ የሚካሄደው ወይስ በምስል የሚታየው? (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጽሑፍ የሚከራከር፦

መነሻው ጽሑፍ ነው። በ1978 በእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾው «ማድ» የተባለውን ጨዋታ ጀመረ፤ ሪቻርድ ባርትል ተቀብሎ አሳደገው። ስክሪኑ ላይ ፊደል ብቻ ነበር። ወደ ሰሜን ልሂድ ብለህ ስትጽፍ የምትደርስበት ቦታ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይገለጽልሃል፤ አጠገብህ የቆመው ሰው የሚለውም እዚያው ይመጣል። ዋሻው ምን ያህል እንደሚጨልም የምትወስነው አንተ ነህ። ዘንዶው አንዴ ከተሣለልህ ግን ያው የተሣለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ዓይነ ስውራን ተጫዋቾችን ነው። ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ካላቸው ከሚያየው ሰው ጋር እኩል ይዋጋሉ፣ ይነግዳሉ፣ ቡድን ይመራሉ። እንደ «አልተር ኢዮን» ባሉ የጽሑፍ ጨዋታዎች ብዙዎቹ አሉ። የምስሉ ዓለም ግን አብዛኛውን ጊዜ ደጅ አስቀርቷቸዋል።

ለምስል የምትከራከር፦

ወንድሜ፣ በዓይነ ስውራኑ ነገር አልሟገትህም፤ የምስል ጨዋታ ሠሪዎች ሊያፍሩበት ይገባል። ግን አንተም ደጅ ያስቀረኸውን ተመልከት። የጽሑፍ ጨዋታዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ውጊያ ላይ መስመሩ እየተግተለተለ ሲያልፍ ፈጥኖ ያላነበበ ይሞታል። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ልጅ እዚያ ምን ያደርጋል? በምስሉ ዓለም ድልድዩን አይቶ ይሻገራል፤ ጠላቱን አይቶ ይሸሻል።

በ2004 የወጣውን የምስል ጨዋታ፣ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን ውሰድ፤ በ2010 ተመዝጋቢዎቹ 12 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። በ2005 እዚያ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ታውቃለህ? ከአንድ ጭራቅ ዋሻ እንዳይወጣ የታሰበ ተላላፊ መርገም ከተጫዋቾቹ እንስሳት ጋር ወደ ከተሞቹ ገባ። ጎዳናው በአጽም ተሞላ። ከፊሉ ከከተማ ወጣ፣ ከፊሉ ሊያክም ቀረ፣ እያወቀ ያዛመተም አልጠፋም። የወረርሽኝ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ በሕክምና መጽሔት ጽፈውበታል። ሰው እንደዚያ የደነገጠው ሬሳውን ስላየ ነው።

ኖርዌያዊውን ማትስ ስቴንንም ላንሣ። ጡንቻን በሚያደክም በሽታ በተሽከርካሪ ወንበር ኖሮ በ2014 በ25 ዓመቱ ሲሞት ወላጆቹ ልጃችን ብቸኛ ነበር ብለው ያዝኑ ነበር። በዚያው ጨዋታ ውስጥ ግን ኢበሊን የሚባል፣ ሮጦ የማይደክመው፣ ሰው የሚያማክረው ጎልማሳ ነበር። ለቀብሩ ከሌላ አገር ሳይቀር የጨዋታ ጓደኞቹ መጡ።

ለጽሑፍ የሚከራከር፦

እኅቴ፣ ማትስን ጓደኞቹ የወደዱት በምን ነው? በጻፈላቸው ነገር ነው። ከሞተ በኋላ የዚያ ኑሮው ታሪክ መልሶ የተገኘው ተጫዋቾቹ ካስቀመጡት በሺዎች ከሚቆጠር ገጽ ንግግር ነው። ምስሉን አንሺው፣ ሰውየው ይቀራል፤ ጽሑፉን አንሺው፣ የሚሮጥ አሻንጉሊት ብቻ ይቀርሻል።

የቋንቋው ነገር ያመኛል፤ መድኃኒቱ ግን እኔ ዘንድ ነው። ዲኩማድ የተባለውን የጽሑፍ ጨዋታ በ1990 አካባቢ የሠሩት አምስት የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ በ1999 የወጣው ታላቁ የምስል ጨዋታ ኤቨርክዌስት የአጨዋወት ስልቱን የወሰደው ከእነሱ ነው። አምስት ተማሪዎች! ፊደላችን በዚያው በ1999 ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ገብቷል። የላሊበላን ዋሻ ወይም የመርካቶን ግርግር በአማርኛ የሚጽፉ አምስት ወጣቶች ከአንድ ግቢ አይጠፉም። የምስሉን ዓለም ለመሥራት ግን የሚሊዮኖች ገንዘብ ይፈልጋል፤ ኩባንያው አልተመቸኝም ያለ ቀን ደግሞ ይዘጋዋል። ስታር ዋርስ ጋላክሲስ የተባለው የምስል ጨዋታ በ2011 ሲዘጋ ተጫዋቾቹ የገነቧቸው ከተሞች አብረው ጠፉ።

ለምስል የምትከራከር፦

ያ መዘጋት እኔንም ያናድደኛል። ግን ማትስ ገብቶ አስቀድሞ የሚያደርገው መሮጥ ነበር፤ ያንን «ሮጥክ» የሚል መስመር አይተካለትም። የአማርኛውን የጽሑፍ ዓለም ሥሩት፤ ቀድመው ከሚገቡት አንዷ እኔ ነኝ። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ግን እዚያም ደጅ ይቆማል፤ እሱን በምን እንደምታስገቡት ገና አልነገርከኝም።