ፊርማችን ያለበት ወረቀት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከእናንተ በፊት ግን ራሴን።

በምሠራበት ቦታ አንድ ቀን ወረቀት ዞረ። አናቱ ላይ «የአደጋ ልየታ ስልጠና የወሰዱ ሠራተኞች» ይላል። ስልጠና የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው ተባለ፣ ፈረምን። አጠገቤ የነበረው ልጅ እስክሪብቶዬን ተውሶ ስሙን በትልልቁ ጻፈ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ፓምፕ ቆመ። አንድ ጓደኛችን ሊያየው ወደ ጉድጓዱ ወረደ። መሰላሉ አጋማሽ ላይ እጁ ለቀቀ። ጩኸት እንኳ አላሰማም። ልጁ «ወደቀ!» ብሎ ተከትሎት ገባ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። አልያዝኩትም። እንዲያውም «ቶሎ በል!» ያልኩት እኔ ነኝ።

የእሳት አደጋ ሰዎች የአየር ሲሊንደር አዝለው ሲያወጧቸው ሁለቱም አልቀዋል።

ከቆመ ፍሳሽ የሚወጣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። እንደበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ተራ ማስክ አያስቆመውም። ጉድጓድ ከመግባት በፊት አየሩን ከላይ ሆኖ በመሣሪያ መለካት ይቻላል። ጤናማ አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በታች ከሆነ አይገባም። የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ እንዲህ ባሉ ጠባብ ቦታዎች ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ሊያድኑ የገቡ ናቸው ብሏል። የኛ ልጅ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለመማር ግማሽ ቀን በቂ ነበር። ግማሽ ቀን!

ይቅር የማልለው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ተከትሎ የገባው ልጅ እናት «ልጄ እንዴት ሞተ?» ብለው ሲመጡ ያ ወረቀት ወጣ። «ሰልጥኖ ነበር፣ ጥንቃቄ የጎደለው እሱ ነው» ተባሉ። እናት ጣታቸውን የልጃቸው ፊርማ ላይ አሳረፉ። ከስሩ የእኔ ፊርማ አለ። እዚያው ቆሜ ነበር። ምንም አልተናገርኩም።

አሠሪዎች ሆይ፣ ለተቆጣጣሪ የምታሳዩት ወረቀት ማንንም ከጉድጓድ አያወጣም። አለቆች፣ «ዛሬ ብቻ፣ ቶሎ ጨርሱት» የምትሉት ነገር ይቅር። እኛስ ሠራተኞቹ? «ይሄ ቦታ ተፈትሿል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውን ፈሪ እያልን የምንስቀው እኛው ነን። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቆም ብሎ ምን ሊጎዳኝ ይችላል ማለትን ማንም አላስተማረንም። እኛም አስተምሩን አላልንም። ላልተማርነው ፈረምን እንጂ።

እናትየው ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። ዘግይቼ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ሌሎቹ አሁን ተማሩ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ባለፈው ሳምንት ወረቀቱ እንደገና ዞረ። አዲስ የገባች ልጅ ተቀብላ አነበበችውና «ስልጠናው መቼ ነው?» አለች። ማንም አልሳቀም። እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። ሌሎቹም እጃቸውን ሰበሰቡ። ወረቀቱ ባዶውን ተመለሰ። ስልጠናው እስካሁን አልተሰጠም። እየጠየቅን ነው።