ዳቦና ኬክ ቤት ከጣሊያን ጋር አልመጡም

በለገጣፎ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ስለዘለቀው ኬክ ቤት ሲወሳ «የዳቦና የኬክ ንግድ አዲስ አበባ የገባው በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ጦር ጋር ነው» መባሉ፣ በሰፊው የሚነገር ቢሆንም፣ ስሕተት ነው። የውጭ ሰውና ዕቃ የሚያመጣው የጅቡቲው ባቡር ከዚያ ቀድሞ በ1909 ዓ.ም. መዲናዋ ደርሶ ነበር፤ በከተማዋ የሰፈሩ ግሪኮችና አርመኖችም ከወረራው አስቀድመው ዳቦ ቤት ከፍተው ይነግዱ ነበር። ኤስፕሬሶና ማኪያቶን ያስለመዱን ጣሊያኖች መሆናቸው ግን እውነት ነው።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ፣ ይህ አባባል ሙያውን በእጃቸው ይዘው ለልጆቻቸው ያቆዩትን ኢትዮጵያውያን ጋጋሪዎች መርሳቱ ነው። ሚልፎልዬን የሚነፋው በሊጡ ንብርብር መካከል ያለው ቅቤ ምድጃ ውስጥ ሲግል የሚወጣው እንፋሎት ስለሆነ፣ ቅቤው ሳይቀልጥ ሊጡን ደጋግሞ ማጠፍና መዳመጥ የሚለመደው አጠገብ ቆሞ በማየት ነው።