የሰፈር ሰውም ይሳልልን
የትንሽ ከተማ ሰዎችንና የራሱን ቤተሰብ ስለሚስለው ሠዓሊ የተጻፈውን በጣም ወድጄ ነው ያነበብኩት። እጁ ይባረክ! እኛ አገር ሥዕል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ትልልቁ ነው። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ግሩም ሥራ ነው፣ ያኮራኛል። ግን እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ላይ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሸጡትን አባት ማን ይሳላቸው? ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን መቀመጫ በመዳፋቸው እያሻሹ ነው ዋጋ የሚነግሩት። ይህን የሚያስተውለው አብሯቸው የኖረ ሰው ነው። የጅማ ወጣት ሠዓሊዎች፣ የጅሬንን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጋግማችሁ ስላችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ። አሁን ደግሞ አያቶቻችሁን ሳሉልን። በሕይወት እያሉ ይዩት።