«ዋጋው ስንት ነው?» ላላችሁ

የደሴ ሰዎች፣ እንፈር።

በዚህ በጥር፣ ዥዋዥዌውና ሸርተቴው ዝጎ ከተነቀለ በኋላ ሣርና ችግኝ በለበሰው የድሮው የልጆች መጫወቻ ቦታ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። አንድ የሠርግ አጀብ ጥሩምባውን እያስጮኸ መጣ። ፎቶ አንሺው ከጀርባ የጦሳ ተራራ እንዲታይ ፈለገ። ይፈልግ፤ ጦሳ ያምራል። ነገር ግን ያጌጠችው መኪናም ከሙሽሮቹ ጋር መነሳት ነበረባት መሰል፣ ገመዱን በጥሰው ሣሩ ላይ ነዷት። ጎማዋ የወይራና የጽድ ችግኞቹን ደፈጠጣቸው።

አትክልተኛዋ እናት ጄሪካናቸውን ጥለው ሮጡ። «ልጆቼ፣ ገና ሥር አልያዘም፤ ስለ ፈጣሪ!» አሉ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ፣ «ዋጋው ስንት ነው? እንከፍልሻለን» ብሎ ሁለት መቶ ብር ወረወረላቸው። አንቺ እያለ! ብሩ እግራቸው ሥር ወደቀ። አላነሱትም። አጎንብሰው የተሰበረውን ሲያቃኑ መኪናዋ ወደ ኋላ ተመልሳ የቀረውን ጨረሰችው።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህን ነው። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ሞልቶ «ተው!» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። በደግነቱ የሚኮራው ወሎዬ የት ሄዶ ነበር?

ደሴ እኮ ሜዳ የላትም። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተጨመቀች፣ ልጅ የለጋት ኳስ ቁልቁል ወርዳ ሌላ ቀበሌ የምትገባባት ከተማ ናት። (ስለ ወንዛችን ስለ ቦርከና ዛሬ አላነሳም፤ አንዱን ኀዘን በአንዱ ላይ መደረብ አልፈልግም።) የእኛው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት ፍርስራሽ የነበረችው የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል፣ ድሪምላንድ የተባለው መዝናኛዋ አርጅቶ ሲዘጋ ቦታውን ከ660 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ የሚሰፋ የሕዝብ ጫካ አድርጋ በ2002 ዓ.ም. ከፍታዋለች። እኛ ያችን ቁራሽ መሬት ለአንድ ከሰዓት እንኳ መጠበቅ አቃተን። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር አካፋ ይዘን እንወጣለን። በሐምሌ የተከልነውን በጥር እንነዳበታለን፤ ሁለቱንም ጊዜ ለፎቶ።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተማችን ስትያዝ የተሰደድን፣ ስንመለስም የተዘረፈ ሆስፒታል የጠበቀን ሰዎች ነን። ያን ያደረገውን ስንራገም ኖረናል። የራሳችንን ሠርገኛ ምን ብለን እንራገመው?

ብር የወረወረውን ልጅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሄዶ አትክልተኛዋን ይቅርታ ይጠይቃቸው፤ ብሩን ትቶ ውሃ ይዞ ይሂድ፤ በጋው ገና ነው። እሳቸው ወይራው ከሥሩ ያቆጠቁጣል ብለው ጉቶውን አሁንም ያጠጣሉ። እኔ ብዙም ተስፋ የለኝም፤ ሆኖም ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። የፊታችን ሐምሌ እንደገና መትከላችን አይቀርም። እስከዚያ በየሰፈሩ ገንዘብ አዋጥተን መኪና የማያሳልፍ የድንጋይ አጥር እንሥራለት። በገዛ ሕዝቡ ላይ አጥር መጠየቅ ያሳፍራል። ቢያሳፍርም እጠይቃለሁ።