ከኦፕራሲዮን በኋላ ሌሊቱን ማን ይጠብቃል?

ጎጃም ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያ ሆኖ የሚሠራ ሰው አንድ ጥያቄ አያጣም። «ልጄ፣ ይነቃል ወይ?» እናት ትጠይቃለች። ሚስት ትጠይቃለች። ከቢቸና ወይ ከሞጣ በሽተኛ አጅቦ የመጣ ጎረቤት ሳይቀር በር ላይ ጠብቆ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። የሚገባ ፍርሃት ነው። የሚወዱት ሰው ሰመመን ውስጥ ገብቶ ትንፋሹ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ማን አይፈራም? ከዚያ ሰውዬው ይነቃል። ተመስገን ይባላል፣ ስልክ ይደወላል፣ አጅቦ የመጣው ዘመድ መኪና ሳያመልጠው ወደ አገሩ ይሳፈራል፣ አንድ አስታማሚ ብቻ ይቀራል። እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት ነው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ትልቅ የአፍሪካ ጥናት ወጥቶ ነበር። በ25 አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች ኦፕራሲዮን የተደረጉ 11,422 ሰዎችን ተከታትሏል፤ ኢትዮጵያም አለችበት። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሆነ ችግር ገጥሞታል። 2.1 በመቶው ሞቷል፣ ይህም ከዓለም አማካይ እጥፍ ገደማ ነው። አንጀት የሚበላው ደግሞ እነዚህ ሰዎች ወጣቶች መሆናቸው ነው፤ አማካይ ዕድሜያቸው 38 ዓመት ተኩል ነበር። ከሞቱት መካከል 94 በመቶው የሞቱት ኦፕራሲዮኑ የተደረገበት ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

ሌላም አለ። በ14 አገሮች ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን ያየ፣ በ2019 የወጣ ጥናት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ከሞቱት መካከል ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ የሞቱት 0.7 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ሰባ በመቶ የሚሆኑት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ እንዳሉ፣ የቀሩት ደግሞ ወደ ቤታቸው ከተላኩ በኋላ ነው የሞቱት።

እንዲህ የሆነው ኦፕራሲዮን ክፍል ያለነው ሰዎች ከዋርድ፣ ማለትም ከበሽተኞች መኝታ ክፍል፣ ነርሶች ስለምንበልጥ አይደለም። እዚያ አንድ ባለሙያ ለአንድ በሽተኛ ስለሚመደብ ነው። ከራስጌው አልነሳም። የደም ግፊቱ በየአምስት ደቂቃው ይለካል። ጣቱ ላይ የተሰካችው የኦክስጅን መለኪያ በእያንዳንዱ የልብ ምት ድምፅ ታሰማለች፤ ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል፣ እና ማሽኑን ቀና ብዬ ሳላይ ጆሮዬ ይነግረኛል። ያው በሽተኛ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ዋርድ ሲገባ ይህ ሁሉ የለም። ሌሊት አንዲት ነርስ ሙሉ ክፍል ይዛ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ግሉኮስ ትቀይራለች፣ አዲስ ገቢ ትቀበላለች፣ ካርድ ትጽፋለች። በዚህ መሀል የማን ትንፋሽ እንደከበደ በምን ትወቀው?

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሆዷ ተከፍቶ የወለደች እናት ናት እንበል። ወደ ማታ ላይ ደህና ናት፣ ሕፃኑን አቅፋለች። ውስጥ ለውስጥ ግን ደም እየፈሰሰ ነው። ግፊቷ ወዲያው አይወርድም። ወጣት ሰውነት ደም እያነሰው ለብዙ ጊዜ ይሸፍናል። መጀመሪያ የሚለወጠው የልብ ምቷ ነው፤ ይፈጥናል። ቀጥሎ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ እጇ ይቀዘቅዛል፣ ላብ ላብ ይላታል፣ ሽንቷ ያንሳል፣ ትቅበጠበጣለች፣ «ውኃ፣ ውኃ» ትላለች። አጠገቧ ያለችው እህቷ «ደክሟት ነው» ብላ ነጠላ ትደርብላታለች። ግፊቷ የወረደው ሲነጋ ለነርሷ ሲታያት፣ እኛ ስንጠራ፣ ደም ባንክ ሲደወል፣ ብዙ ጊዜ አልፏል። ከላይ ያነሳሁት የአፍሪካ ጥናት የወላዶቹ ውጤት ለብቻው በ2019 ወጥቷል። በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶች ሞት ሀብታም አገሮች ካለው 50 እጥፍ ገደማ ነው። ከሞቱ ጋር አብረው ከተገኙት ነገሮች መካከል ደግሞ መድማትና የማደንዘዣ ችግር ይገኛሉ። ሁለቱም ቶሎ ከታዩ ብዙ ጊዜ መላ አላቸው።

ታዲያ ጥበቃውን ማጠናከር አይበቃም ወይ? ተሞክሯል። ያው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ቡድን በ28 አገሮች፣ በ332 ሆስፒታሎች፣ ወደ 29 ሺህ በሚጠጉ በሽተኞች ላይ ሞክሮ ውጤቱን በ2021 አወጣ። አደጋቸው ከፍ ያለ በሽተኞች ተለይተው ነርስ በምታያቸው አልጋ እንዲተኙ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲለኩ፣ ቤተሰብ አጠገባቸው እንዲያድር፣ አልጋው ጎን መመሪያ ወረቀት እንዲቀመጥ ተደረገ። ሞቱ አልቀነሰም።

ይህን ውጤት ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። ግን «በቃ ጥበቃ ዋጋ የለውም» የሚል ሰው ካለ አልስማማም። እኔ የማየው ሌላ ነው። አንዲት ነርስ ባለችበት ክፍል «ቶሎ ቶሎ ለኪ» ብሎ ማዘዝ ሁለተኛ ነርስ አያመጣም። ወረቀት አልጋ ጎን ስለተለጠፈ ደም አይገኝም፣ ሌሊት ተጠርቶ የሚመጣ ሐኪም አይወለድም። በአሜሪካ ከ84 ሺህ በላይ በሽተኞችን ያየ የ2009 ጥናት፣ ብዙ ሰው የሚሞትባቸውና ጥቂት ሰው የሚሞትባቸው ሆስፒታሎች በሚገጥማቸው የችግር ብዛት ያን ያህል እንደማይለያዩ አሳይቷል። የሚለያዩት ችግሩ ከመጣ በኋላ በሽተኛውን በማትረፍ ነው። ስለዚህ ለክልሉ ጤና ቢሮና ለሆስፒታል ኃላፊዎች የምለው ግልጽ ነው። አዲስ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ከማስመረቃችሁ በፊት የሌሊት ነርስ ቅጠሩ። ሪቫን የሚቆረጥለት ነገር አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ሰው የሚያድነው ግን እሱ ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለ ነገርም አለ፤ አስታማሚው። እኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ሰው በፈረቃ እየተቀያየረ አብሯት ያድራል። ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንደዚያ መጠበቅ አለበት። ግን አስታማሚን ወይ ማታ ዘበኛ ያስወጣዋል፣ ወይ ገብቶ ምን እንደሚያይ የሚነግረው የለም። አልጋ ሥር ሰሌን አንጥፎ ይተኛል። ሲመሽ አምስት ደቂቃ ወስዶ በአማርኛ የሚያስረዳው ሰው ቢኖርስ? ፋሻው በደም ከራሰ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም እንደ ማንኮራፋት እየሆነ ከዘገየ፣ እጁ ከቀዘቀዘና ካላበው፣ ከቀን ጀምሮ ሽንት ካልወጣው፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ ነርሷን ጥራ፤ ካልመጣች ደግመህ ጥራ፣ አትፈር። አስታማሚ የነርስን ሥራ ይሥራ አላልኩም። ዓይን ግን አለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ እዚያው ነው።

ስለ ኦክስጅን መለኪያዋ አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 መጨረሻ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሁላችንንም ማሳሰብ ነበረበት። መለኪያዋ ደህና ነው የምትል ቁጥር እያሳየች፣ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው የወረደ ሆኖ የተገኙት ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበሩ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ቆዳችን ጠቆር ያለ ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን። መለኪያዋን አንጣላትም፣ ያለ እሷ መሥራት በጨለማ መሄድ ነው፤ ግን ሰውየው እያቃሰተ ቁጥሩ ደህና ነው ብሎ መሄድ አይቻልም። እንሶስላ ለሚሞቁ እናቶችና እህቶችም፦ ቀጠሮ ሲኖራችሁ አንድ ሁለት ጣት ሳትሞቁ ተዉልን። ቀለም መለኪያውን ሊያዛባ ይችላል፣ የጥፍራችሁንም መልክ ማየት እንፈልጋለን።

ከኦፕራሲዮን በፊት ያለው ጊዜም እንዲሁ ችላ የተባለ ነው። «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» ይባላል። ተራው ሲደርሰው ከሰዓት ዘጠኝ ይሆናል፤ ሰውየው ከንፈሩ ደርቆ፣ ራሱን እያዞረው ይገባል። ዓለም አቀፍ መመሪያዎቹ ይህን ከተዉ ቆዩ። ሌላ ሕመም የሌለበት፣ ቀጠሮ ይዞ የመጣ አዋቂ ምግብና ወተት ኦፕራሲዮኑ ስድስት ሰዓት ሲቀረው ያቆማል፤ ውኃ ግን ሁለት ሰዓት እስኪቀረው መጠጣት ይችላል። ወተት የሌለው ሻይና ቡናም ይፈቀዳል። ለልጆች የአውሮፓ መመሪያ ውኃውን እስከ አንድ ሰዓት አውርዶታል። እኛ ዘንድ ግን ጠዋት በሌሊት አንድ ኩባያ ጸበል የጠጣች እናት «ጦሟን አልዋለችም» ተብላ ኦፕራሲዮኗ ለሌላ ቀን ሲዛወር አይቻለሁ። ንጹሕ ውኃ ውኃ ነው፤ እምነት የተበጠበጠበት ከሆነ ግን ይነገረን። ድንገተኛ ኦፕራሲዮን፣ ምጥና የሆድ መዘጋት ሕጋቸው ሌላ ስለሆነ በእነዚያ ላይ ባለሙያው የሚለውን ብቻ ስሙ።

ሳያስተኛ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው የወገብ መርፌም አለ። ብዙ እናቶች «ወገቤን ዕድሜ ልክ አበላሸው» ይላሉ። የምጥ ሕመም ማስታገሻ በወገብ መርፌ የተሰጣቸውንና ያልተሰጣቸውን በዕጣ ከፍሎ ለዓመታት የተከታተለ የእንግሊዝ ጥናት በወገብ ሕመም ልዩነት አላገኘም። እውነተኛው ችግር ራስ ምታቱ ነው፤ ስትቀመጥ የሚብስ፣ ስትጋደም የሚቀል። ቤት ገብታ ሲይዛት «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽላታል። ይህን የሚቀንሰው መርፌ ደግሞ አለ። ጫፉ እንደ ተቀረጸ እርሳስ የሆነው «ፔንስል ፖይንት» የምንለው ነው። በ2018 ላንሴት ላይ 110 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ጥናት ራስ ምታቱ በስለታሙ መርፌ 11 በመቶ፣ በዚህኛው 4.2 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ግዢ ክፍል ያላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ ጨረታ ስታወጡ የመርፌውን ጫፍ ዓይነት ጻፉ። ርካሹን ስትገዙ ልዩነቱን የምትከፍለው ወላዷ ናት።

መቼም ይህ ሁሉ ተሟልቶም በሽተኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከሞቱት ሠላሳ በመቶ ገደማ የሞቱት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው ብዬ ነበር። ያ የ14 አገሮች ጥናት የተሠራው በአብዛኛው አምቡላንስ በስልክ በሚመጣባቸው አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ሰው ከከተማ ወጥቶ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ወይም በቃሬዛ ነው ቀበሌው የሚደርሰው። ባለፉት ዓመታት ግጭት መንገድ ሲዘጋ ቁስሉ ያመረቀዘ ሰው ቀናት ሲያድር አይተናል። ስለዚህ መሸኘቱ ራሱ ሕክምና ይሁን። የአደጋ ምልክቶቹና ሌሊትም የሚነሳ የዋርዱ ስልክ ቁጥር በአማርኛ የተጻፈበት አንድ ገጽ ይሰጠው፣ ነርሷም ለአስታማሚው ጮክ ብላ ታንብብለት፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ኔትወርክ ካለ ሆስፒታሉ ራሱ ይደውል፤ ኔትወርክ ከሌለ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መልእክት ይላክ።